ሰነፍ ጦማሪዎችን መከተል

የምወዳቸው ጦማሪዎች ሰነፎች ናቸው። አንደኛው ስለ አሮጌ ሬዲዮ ጥገና ይጽፋል፤ በዓመት ሦስት ጊዜ ከጻፈ ደህና ነው። ሌላዋ ስለ ጓሮ አትክልት ትጽፋለች፤ ከክረምት እስከ ክረምት ድምጿ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ለዓመታት አድራሻቸውን በዕልባት ይዤ ማታ ማታ ደጃቸውን ሳንኳኳ ኖርኩ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀኝ ያው የማውቀው ጽሑፍ ነው፤ የሞባይል ዳታዬ ግን ያልቃል።

ፊድ የሚባለውን ነገር ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ጦማሩ አዲስ ጽሑፍ ሲወጣበት ርዕሱና ቀኑ፣ ብዙ ጊዜም ሙሉ ይዘቱ፣ በአንድ ፋይል ላይ ይሰፍራል፤ ስልኬ ላይ ያለው ማንበቢያ ያንን ፋይል በየሰዓቱ እየጎበኘ አዲስ ካለ ያመጣልኛል። ኢሜይል አልሰጥም፤ ምን እንደማነብ የሚመርጥልኝም የለም። አርኤስኤስ የሚባለው የፊድ አጻጻፍ እ.ኤ.አ. በ1999 ኔትስኬፕ ከተባለው የድረ ገጽ ማሰሻ ድርጅት የወጣ የቆየ ነገር ነው። ጎግል ሪደር የተባለው የጎግል የፊድ ማንበቢያ በ2013 ሲዘጋ አበቃለት ያሉ ነበሩ፤ ፖድካስት የሚያዳምጥ ብዙ ሰው ግን ሳያውቀው ዛሬም ይጠቀምበታል።

ፊደር የተባለውን ነጻ የአንድሮይድ መተግበሪያ ጫንኩ። ያስቸገረኝ የፊዱን አድራሻ ማግኘት ነበር። ድሮ በየገጹ ይታይ የነበረው ብርቱካናማ የፊድ ምልክት አሁን ከስንት አንድ ነው። ዎርድፕረስ በተባለው የጦማር መሥሪያ የተሠራ ጦማር ከሆነ ግን ከአድራሻው መጨረሻ እዝባር (/) አድርጎ «ፊድ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል መጨመር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ይህን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ቅዳሜ አቃጥያለሁ።

ከዚያ ስግብግብነት መጣ። የዜና ድረ ገጾችን በሙሉ ጨመርኩ። በሳምንቱ ያልተነበበው ከአራት መቶ በለጠ፤ ማንበቢያውን መክፈት ራሱ እንደ ዕዳ ከበደኝ። የሬዲዮ ጠጋኙ በዚያው ሰሞን የጻፈውን ያገኘሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ከዜናው ክምር ሥር ነው። ዜናዎቹን በአንድ ምሽት ሰረዝኩ። ዜና ያለ ፊድም ፈልጎ ያገኘኛል፤ ፊድ የሚያስፈልገው አልፎ አልፎ ለሚጽፍ ሰው ነው።

ሌላው ጥፋቴ የባሰ ነበር። ስልኬ ውኃ ውስጥ ወደቀና ዝርዝሩ አብሮት ጠፋ። ማንበቢያዎች ዝርዝሩን በሙሉ ኦፒኤምኤል በሚባል አንድ ትንሽ ፋይል እንደሚያወጡ አውቅ ነበር፤ ነገ ነገ ስል አላወጣሁትም። አድራሻዎቹን ከትዝታ ስለቅም ሁለቱ እስከ ዛሬ አልተገኙም። አሁን አዲስ ጦማር በጨመርኩ ቁጥር ፋይሉን አውጥቼ ለራሴ በቴሌግራም እልካለሁ።

አሁን የምከተለው ሃያ ሰባት ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ አንድም ነገር የማይመጣበት ጊዜ አለ። ባለፈው ሐምሌ፣ መብራት ጠፍቶ ሻማ እየፈለግሁ ሳለ፣ ሁለት ዓመት ዝም ያለችው ባለ ጓሮዋ ስለ ጎመን ትል ጻፈች።