ስለ ዓለም ባህልና ጀግኖች በልጆች መጽሐፍ ሳስተምር ምን ሠራልኝ

ጅማ ነው የማስተምረው፣ አራተኛ ክፍል። የምጠቀምባቸው ባለ ሥዕል የልጆች መጽሐፎች አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፣ ስለዚህ ሥዕሉን እያሳየሁ በአማርኛ ነው የምተርክላቸው፤ ያለኝ አንድ ኮፒ ስለሆነ ኋላ የተቀመጡትም እንዲያዩ በዴስኮቹ መሃል እየዞርኩ።

በጣም የሠራልኝ ነገር "ይቺ ትልቅ ጀግና ናት" ብዬ አለመጀመሬ ነው። ስለ ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ ስናነብ መጀመሪያ ሥዕሉን ከፍቼ "ምን ታያላችሁ?" ብቻ አልኳቸው። አንዷ ልጅ ችግኙ ሥር አፈር የሚጠቀጥቁትን እጆች አይታ "ቲቸር፣ እማዬ ቡና ስትተክል እንደዚህ ነው የምታደርገው" አለች፣ በቃ ከዛ በኋላ ክፍሉ በሙሉ ስለ ችግኝ ማውራት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1977 ግሪን ቤልት የሚባለውን ሴቶች ዛፍ የሚተክሉበትን ንቅናቄ እንደመሠረተችና ሴቶቹ ትንሽ ገንዘብ የሚከፈላቸው ለጸደቀው ችግኝ እንደነበር ስነግራቸው "ለምን በተተከለ ቀን አይከፈልም?" ተባለ፣ አንዱ ቶሎ ብሎ "ሁሉም ተክሎ ይሄዳላ!" አለ። የ2004ቱን የኖቤል ሽልማት መጨረሻ ላይ ነው የነገርኳቸው፣ ያኔ ለምን እንደተሸለመች ገብቷቸዋል።

የደራርቱንም እንደዛው። በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ማግኘቷን ያውቁታል፣ ያልሰሙት ካሸነፈች በኋላ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ጠብቃ እጅ ለእጅ ተያይዘው መዞራቸውን ነው። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ከኦሊምፒክ ታግዳ እንደነበር ስጨምርላቸው ጥያቄው አላባራ አለ፣ ሌላ ፔሬድ ፈጀብን ግን በጣም ደስ ብሎኛል።

ባህል ላይ የምጠነቀቀው ልጆቹ የሰው አገር ልማድ አይተው ስቀው እንዳያልፉ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ በኅዳር መጀመሪያ ለሞቱ ዘመዶች ምግብና አበባ እንደሚደረደር ስናይ መጀመሪያ ሳቁ፣ "እኛ ቤትስ ሰው ሲሞት በኋላ ምን ይደረጋል?" ስላቸው አንዱ ተዝካር አለ፣ ሌላዋ ሰደቃ አለች፣ ሳቁ እዛው ቆመ። ጅማ ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ዴስክ ላይ ስለሚቀመጥ እርስ በርስም ብዙ ይማማራሉ።

ልሞክር የምትሉ አስተማሪዎች መጽሐፉን ቀድማችሁ ቤት አንብቡት፣ በአንድ ፔሬድ ልጨርስ አትበሉ፣ ከሁለት ሦስት ሥዕል በላይ አትሂዱ። እኛ አሁን ደግሞ ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጎብኝተን ልጆቹ ራሳቸው ሥለው የሚጽፉት መጽሐፍ ልናዘጋጅ ነው፣ ደብተር መሃል ለመሃል ሰፍተን።