ግማሹ በአሮጌው፣ ግማሹ በአዲሱ፦ መሃል ላይ የተቋረጠ የሬይድ ለውጥ

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌላ ነገር አልሠራሁም። የጠፋብኝን ዳታ ስመልስ ነበር። የአስር ዓመት የቤተሰብ ፎቶና ቪዲዮ ነው። ተሳክቶልኛል፤ ሳልረሳው መንገዱን ልጻፈው።

ሊኑክስ ላይ ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች በሬይድ 1 ነበሩኝ። ሬይድ ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራ ዘዴ ነው፤ በሬይድ 1 ሁለቱም ዲስኮች አንድ ዓይነት ዳታ ይይዛሉ። ቦታ ሲጠበኝ ሦስተኛ ዲስክ ጨምሬ ወደ ሬይድ 5 (ዳታውን በዲስኮቹ ላይ ከፋፍሎ፣ አንድ ዲስክ ቢጠፋ የሚመልሰውን ትርፍ መረጃ ጨምሮ የሚያስቀምጥ) ልቀይረው ወሰንኩ። በኤምዲአድም (የሊኑክስ ሬይድ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም) ይሄ ሁለት እርምጃ አለው። የመጀመሪያው ደረጃውን ከ1 ወደ 5 መቀየር ነው፤ ወዲያው ያልቃል። ባለ ሁለት ዲስክ ሬይድ 5 ከሚረር (አንዱ ዲስክ የሌላው ግልባጭ ከሆነበት) ጋር አንድ ነውና። ፓሪቲ (የጠፋን ዳታ መልሶ ለማስላት የሚቀመጠው ትርፍ ብሎክ) የሚሰላው በኤክስኦር (ቢቶችን አነጻጽሮ ልዩነታቸውን በሚሰጥ ስሌት) ነው፤ የአንድ ብሎክ ብቻ ኤክስኦር ደግሞ ራሱ ብሎኩ ነው። ሁለተኛው እርምጃ ዲስኮቹን ሦስት ማድረግ ነው። ረጅሙ እሱ ነው። እያንዳንዱ ብሎክ ከነበረበት ተነስቶ አዲስ ቦታ ይጻፋል።

እዚህ መሃል ላይ መብራት ጠፋ።

ማሽኑን ሳበራው ሬይዱ አልነሳም። ያኔ ማድረግ የነበረብኝ ኤግዛሚን የሚለውን የኤምዲአድም ትዕዛዝ አሂዶ ውጤቱን ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነበር። ለውጡ የት እንደደረሰ ሱፐርብሎኩ (ስለ ሬይዱ መረጃ የሚይዘው የዲስኩ ክፍል) ውስጥ ተጽፏል። ከዚያ አሴምብል በፎርስ (ያለውን ሬይድ በግድ የሚያስነሳውን ትዕዛዝ) መሞከር ይቻል ነበር። እኔ ግን ደንግጬ ሬይዱን እንደ አዲስ በክሪኤት (አዲስ ሬይድ በሚፈጥረው ትዕዛዝ) ሠራሁት። የድሮው ሱፐርብሎክ በአዲስ ተተካ። የት እንደደረሰ የሚያውቀው ብቸኛ መዝገብ በዚያው ጠፋ። በዚያ ላይ ሦስተኛውን ዲስክ መልሶ መገንባት ጀመረ። በሰከንዶች ውስጥ አስቆምኩት። ሰውነቴ ሁሉ ቀዘቀዘ።

በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው መገንባቱ ያደረሰው ጉዳት አልነበረም። በሬይድ 5 አንድ ረድፍ ላይ ያሉት ብሎኮች በሁሉም ዲስኮች ላይ እኩል ርቀት ላይ ይቀመጣሉ። ሦስተኛው ዲስክ ምንጊዜም የሁለቱ ኤክስኦር ነው፤ ዳታም ይያዝ ፓሪቲ። ስለዚህ ለውጡ ባለፈበት ክፍል የተጻፈው ነገር ቀድሞ ከነበረው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ይሄን ስረዳ ትንሽ ተነፈስኩ።

ከዚያ በኋላ ዲስኮቹ ላይ አንዲት ባይት አልጻፍኩም። መጀመሪያ ጤንነታቸውን በስማርት (ዲስኩ ስለ ራሱ በሚይዘው የጤና መዝገብ) አየሁ። ለመነበብ የሚያስቸግር ሴክተር አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ሁሉንም በዲዲሬስኪው (ከተጎዳ ዲስክ በሚገለብጥ ፕሮግራም) ወደ ሌላ ዲስክ ከመገልበጥ እጀምር ነበር። ቀጥዬ በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ በዴቫይስ ማፐር (ምናባዊ ዲስክ በሚሠራው የሊኑክስ መሣሪያ) ኦቨርሌይ ሠራሁ። ሲነበብ ከዲስኩ ይነበባል፤ ሲጻፍ ግን ለብቻው የተቀመጠ ፋይል ላይ ነው የሚያርፈው። ስሳሳት ፋይሉን አጥፍቼ እንደገና እጀምራለሁ። አሥራ አራት ጊዜ ጀምሬያለሁ። ያለ ኦቨርሌይ ሁለተኛው ሙከራ ላይ ያልቅልኝ ነበር።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ ለውጡ የት ቆመ?

ሦስት ቀን ያስጨነቀኝ ይሄ ነው። መልሱ ግን ዲስኮቹ ላይ ነበር። ለውጡ ያልደረሰበት ክፍል አሁንም ሚረር ነው። ስለዚህ አንደኛና ሁለተኛ ዲስክ እዚያ ባይት በባይት ይመሳሰላሉ። ለውጡ ያለፈበት ክፍል ግን ይለያያል። አጭር የፓይተን ስክሪፕት ጽፌ ሁለቱን በየጊጋባይቱ አነጻጸርኩ። ባዶ ቦታዎች ያታልላሉ፤ ዜሮ ከዜሮ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ የፈለግኩት የመጨረሻውን ልዩነት ነው። 1.1 ቴራባይት አካባቢ ላይ አገኘሁት። በሦስት ዲስክ ሬይድ 5 አንድ ረድፍ ሁለት የዳታ ብሎክ ይይዛል። በዲስክ 1.1 ማለት በዳታው 2.2 ቴራባይት ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣውን ሳይ በጣም ደስ አለኝ። ከ1.1 እስከ 2.2 ቴራባይት ያለው ዳታ ሁለት ቦታ አለ! በአዲሱ አቀማመጥ ተጽፏል። የድሮው ቅጂ ደግሞ ገና አልተነካም፤ የተቀመጠበት የዲስክ ክፍል ላይ ለውጡ አልደረሰማ። ስለዚህ ሁለቱን የምገጥምበትን ነጥብ በባይት ማወቅ አያስፈልገኝም። ከዚህም በላይ አቀማመጡን በትክክል መገመቴን ማረጋገጫ ሆነልኝ። ልክ ከሆንኩ ሁለቱ ቅጂዎች ይመሳሰላሉ። ካልሆንኩ አይመሳሰሉም።

አልተመሳሰሉም።

ጥፋቱ የቻንክ (ዳታው ተቆራርጦ በየዲስኩ የሚቀመጥበት ቁራጭ) መጠን ነበር። ክሪኤት ሳይነገረው 512 ኪሎባይት ይወስዳል። ከሬይድ 1 የተቀየረው የኔ ሬይድ ግን 64 ኪሎባይት ነበር። የዳታውን መነሻም ለብቻው መፈለግ ነበረብኝ። ኤክስት4 (ዲስኮቹ ላይ የነበረው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም) ከፋይል ሲስተሙ መነሻ 1080ኛው ባይት ላይ መለያ ቁጥር ያስቀምጣል፤ እሱን ፈልጌ ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ኦቨርሌዩ ላይ ክሪኤትን በ64 ቻንክ፣ በትክክለኛው መነሻ፣ ከአሹም ክሊን (ዲስኮቹ ደህና እንደሆኑ ቁጠር ከሚለው አማራጭ) ጋር ደገምኩት። አሹም ክሊን ካልተጨመረ መልሶ መገንባቱን ይጀምራል፤ እንዳትረሱት። አሁን ሁለቱ ቅጂዎች ገጠሙ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በተሳሳተ ቻንክም ፋይል ሲስተሙ አንዳንዴ ይከፈታል፣ የፋይል ስምም ይዘረዝራል። ትንንሽ ፋይሎችም ይሠራሉ። መሞከር ያለበት ከቻንኩ በብዙ የሚበልጥ ፋይል ነው። እኔ የሞከርኩት በትልልቅ ፎቶዎች ነው፤ ቻንኩ ሲሳሳት ምስሉ ከላይ ደህና ሆኖ ከታች ይበላሻል።

ከዚያ በዴቫይስ ማፐር ሁለቱን ቀጠልኳቸው። እስከ 2.2 ቴራባይት ከአዲሱ ሬይድ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ከአንደኛው ዲስክ። መገጣጠሚያውን ወደ 2.2 ያስጠጋሁት ለውጡ እየሄደ እያለ የጻፍኳቸው ፋይሎች አዲሱ ቅጂ ላይ ብቻ ስላሉ ነው። በንባብ ብቻ፣ ጆርናሉ (ፋይል ሲስተሙ ያላለቀ ጽሕፈትን የሚመዘግብበት) እንዳይነካ አድርጌ አነሳሁት።

ማህደሮቹ ሁሉ ወጡ። የመጀመሪያውን ቪዲዮ ከፍቼ እስኪያልቅ አየሁት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የተበላሸው አንድ ማህደር ብቻ ነው፤ መብራቱ ሲጠፋ እየተገለበጠ የነበረው። እሱ ዋናው ሌላ ቦታ አለኝ።

አሁን ሁሉንም ወደ ሌላ ዲስክ እያወጣሁ ነው። ሲያልቅ ሦስቱን ዲስኮች ከባዶ ሬይድ 5 አድርጌ መልሼ እገለብጣለሁ። የኤግዛሚን ውጤትም በየሳምንቱ ከማሽኑ ውጭ እንዲቀመጥ አድርጌያለሁ።

ቀጥሎ ልሞክር ያሰብኩት ከሬይድ 5 ወደ ሬይድ 6 (በየረድፉ ሁለት ፓሪቲ ወደሚይዘው) የሚደረገውን ለውጥ ነው። ባለ ሦስት ዲስኩ ባለ አራት ሲሆን የዳታው ድርሻ በየረድፉ ሁለት እንደሆነ ይቀራል። ያ ማለት አሮጌና አዲስ ቅጂ የሚደራረቡበት ሰፊ ክፍል አይኖርም፤ መገጣጠሚያውን በትክክል ማግኘት ግድ ነው። በትንንሽ ሉፕ ፋይሎች (እንደ ዲስክ በሚያገለግሉ ፋይሎች) ሆን ብዬ አቋርጬው፣ ያገኘሁትን ይዤ እመለሳለሁ።