መሮው ከመመለሱ በፊት

ከእንጨት ግዢ ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት መሮና አንድ ብጣሽ ወረቀት ጠበቁኝ። ወረቀቱ ላይ «ውዱ ይመለስ። ለሻጩ ደብዳቤ ጻፍ» ይላል።

የምሠራው ጃፓን ውስጥ ኮቤ ከተማ አጠገብ ባለ የቤት ዕቃ ወርክሾፕ ነው። የእጅ መሣሪያ ግዢ የእኔ ሥራ የሆነው በሹመት አይደለም። ስለ መጋዝና ስለ መላጊያ አውርቼ ስለማልጠግብ «እንግዲያው አንተው ግዛ» ተባልኩ። የሚወዱት ነገር ደመወዝ ሲከፈልበት ደስ ይላል። የቅሬታ ደብዳቤ ሲያጽፍ ግን ያን ያህል አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ ተለማማጆች ሊገቡ ስለሆነ መሮ ሊገዛላቸው ነው። አለቃችን ሁለት ናሙና አስመጡ። እንደ ጃፓን የእጅ ሥራ ቤቶች ልማድ «ኦያካታ» ነው የምንላቸው። ሁለቱም መሮዎች 24 ሚሊሜትር ስፋት አላቸው። አንዱ በፋብሪካ በብዛት የሚመረት ነው፤ 3,000 የን አይሞላም። ሌላውን ሚኪ ከተማ ያለ አንጥረኛ በእጁ ነው የቀጠቀጠው፤ ዋጋው ከ15,000 የን ይበልጣል። ኦያካታ «ሞክሯቸውና የሚሻለውን ንገሩኝ» አሉ። እኔ እንጨት ልገዛ በወጣሁበት ቀን ተሞከሩ።

ሞካሪው ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ ተለማማጅ ነው። ጊዜው የምሳ ሰዓት። ደረቅ የኦክ ጣውላ ላይ በሁለቱም መሮ የወንበር እግር የሚገባበት ዓይነት ቀዳዳ ቆፈረ። ርካሹ ምንም ሳይሆን ጨረሰ። የውዱ ስለት ገና ግማሽ መንገድ ላይ ተሸረፈ። የሒሳብ ሠራተኛችን ቆማ ታይ ነበር። ከዚያ በኋላ ማን ያስቆማታል? «አምስት እጥፍ ከፍለን የተሸረፈ መሮ» የሚለው አባባል በአንድ ከሰዓት ወርክሾፑን አዳረሰ።

ደብዳቤውን ከመጀመሬ በፊት ሁለቱንም በአጉሊ መነጽር አየኋቸው። የውዱ መሮ ስለት ጫፉ ላይ ትናንሽ ሽርፍራፊዎች አሉት። እውነት ነው፣ ተሸርፏል። ግን ሌላም ነገር ይታያል። የስለቱ ተዳፋት ላይ የግራይንደር ጭረት እንዳለ አለ። ለዝገት መከላከያ የተቀባው ቫርኒሽ ከጀርባው አልተነሳም። እጀታው ጫፍ ላይ ያለው የብረት ቀለበት ሻጩ እንዳስቀመጠው ነው። ይህ መሮ የመሳያ ድንጋይ የሚባል ነገር ነክቶት አያውቅም።

ርካሹን ሳየው ደግሞ ነገሩ ባሰ። አልተሸረፈም፤ ግን ጫፉ ከዳር እስከ ዳር ተጠማዟል። ብረቱ ለስለስ ያለ ስለሆነ አይሰበርም፣ ይታጠፋል። የተሸረፈ ስለት በዓይንም በጥፍርም ይታወቃል። የታጠፈ ስለት ግን «ደህና ነው» ይባላል። በዚያ ሁኔታ ሁለቱም መሮዎች እኩል ደንዝዘዋል። ሰው ያየው የአንዱን ብቻ ነው።

ወደ ኦያካታ ሄድኩ።

«ኦያካታ፣ ደብዳቤውን ነገ ብጽፈው ይፈቅዱልኛል?»

«ምን አገኘህ?»

«መሮው አልተሳለም። ከሳጥኑ እንደወጣ ነው የተመታው።»

መሮውን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አዘነበሉት። ጀርባውን አንድ ጊዜ አዩና ዝም አሉ። ከጎናችን የነበረችው የሒሳብ ሠራተኛ ግን ዝም አላለችም። «በዚያ ዋጋ ተስሎ አይሸጥም እንዴ?»

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ገዢ ነው የሚያሳስበኝ። መልሱ አይሸጥም ነው፣ ወይም ብዙ ጊዜ አይሸጥም። የጃፓን መሣሪያ በልማዱ በከፊል ተሠርቶ ነው ለባለሙያው የሚደርሰው። አንጥረኛው ስለቱን ይሠራል። እጀታውን የሚሠራው ሌላ ሰው ነው። የመላጊያ ከሆነ የእንጨት አካሉን የሚቆርጠው ደግሞ ሦስተኛ ሰው ነው። የመጨረሻውን ክፍል የሚሠራው አናጺው ራሱ ነው፤ ምክንያቱም የእሱ እጅ፣ የእሱ መዶሻና የሚቆፍረው እንጨት ለአንጥረኛው አይታወቁም። ኦያካታ ይህን ሁሉ ያውቃሉ፤ የተማሩት ገና በልጅነት ነው። ሙከራውን ግን በቦታው ሆነው አላዩትም።

«ነገ ማታ ሁለቱንም አዘጋጅልኝ» አሉ። «ሁለቱንም» የሚለው ቃል ላይ ረገጥ አደረጉ።

እዚህ ላይ ስለ ብረቱ ትንሽ ልበል። የጃፓን መሮ ስለት ሁለት ብረት ነው። ከጀርባ በኩል ስስና በጣም ጠንካራ አረብ ብረት አለ። ከላይ ደግሞ ለስላሳ ብረት። ሁለቱ በእሳት ግለው በመዶሻ ይጣበቃሉ። ጠንካራው ይቆርጣል፤ ለስላሳው የመዶሻውን ምት ይችላል፣ ሲሳልም ቶሎ ይበላል። የጠንካራው ጥንካሬ በሮክዌል መለኪያ ብዙ ጊዜ ከ62 እስከ 65 ይደርሳል። እንዲህ ያለ ብረት ስለቱን ረጅም ጊዜ ይይዛል። በዚያው ልክ መጎልጎል አይወድም። ተለማማጁን «ፍቅፋቂውን እንዴት ነበር የምታወጣው?» ብዬ ስጠይቀው፣ መሮውን ቀዳዳው ውስጥ ወትፎ ወደ ላይ ሲጎለጉል በእጁ አሳየኝ። ለስላሳ መሮ ይህን ይታገሳል።

ሌላው ነገር ጫፉ ነው። አዲስ መሮ መጀመሪያ ላይ መሸረፉ የታወቀ ነው። ጫፉ በጣም ስስ ነው፤ በእሳትና በግራይንደር ሙቀት የተጎዳ ሊሆንም ይችላል። ጥቂት ጊዜ ሲሳል ያ ክፍል ተበልቶ ያልቅና ደህናው ብረት ይወጣል። ልምድ ያለው ሰው ስለዚህ አዲስ መሮ ሲሸረፍበት አይደናገጥም፤ ስሎ ይቀጥላል።

በማግስቱ ማታ ተለማማጁን አስቀምጬ አብረን ሠራን። መጀመሪያ ጀርባው። የጃፓን መሮ ጀርባ መሃሉ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ድንጋይ የሚነካው ዙሪያውን ብቻ ነው። ጠንካራ ብረት ሙሉውን ማስተካከል እጅ ይቆርጣል፤ ጉድጓዱ ያንን ድካም ያስቀራል። ሻከር ባለው በ1000 ቁጥር ድንጋይ ጀምረን በለስላሳው በ6000 ጨረስን። ተዳፋቱን ስንስል ጫፉ ላይ ማዕዘኑን ወደ 33 ዲግሪ ከፍ አደረግነው። ለኦክ ከ30 በታች የሆነ ማዕዘን ሲበዛ ስስ ነው።

ቀጥሎ ቀለበቱ። አውጥተን የእጀታውን ጫፍ እንጨት በመዶሻ ዙሪያውን ቀጥቅጠን አሳነስነው። ለዚህ የጃፓን መዶሻ ይመቻል። አንዱ ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፣ ሌላው ትንሽ ያበጠ። ለመቀጥቀጥ የሚሆነው ያበጠው ነው። ቀለበቱን መልሰን ስናስገባ እንጨቱ ከላዩ በሁለት ሚሊሜትር ያህል ወጣ። ያንን መትተን ቀለበቱ ላይ ደፋነው። ይህ ካልተደረገ መዶሻው የሚያርፈው ብረቱ ላይ ነው፤ ቀለበቱም ውሎ አድሮ ይላላል። ርካሹንም በዚሁ መንገድ አዘጋጀነው። ኦያካታ ያሉት እሱን ነበርና።

እየሳልን ሳለ ተለማማጁ «ሰማያዊውን ብንገዛ ኖሮ አይሸረፍም ነበር?» አለኝ። የመሣሪያ ወዳጆች የማያልቅ ክርክር ይህ ነው። ሺማኔ ግዛት ያሱጊ ውስጥ የሚመረተው የመሣሪያ ብረት በተጠቀለለበት ወረቀት ቀለም ይጠራል። ነጭ ቁጥር 2 ከ1.05 እስከ 1.15 በመቶ ካርቦን አለው፤ ነጭ ቁጥር 1 ከ1.25 እስከ 1.35። ሰማያዊው ክሮሚየምና ተንግስተን ተጨምሮበታል፤ ስለቱን ትንሽ ረዘም አድርጎ ይይዛል፣ ሲሳል ግን ነጩን ያህል አይቀልም። ልዩነቱ አለ። ግን አንድ ዓይነት ብረት ሁለት አንጥረኛ እጅ ሲገባ ሁለት ዓይነት መሮ ይወጣዋል። እስከ ስንት ሙቀት አጋለው? እንዴት ውሃ ውስጥ ነከረው? መልሶ እስከ ስንት አሞቀው? ይህ ወረቀቱ ላይ አይጻፍም። እኔ በዚህ ቀለም ጉዳይ ብዙ ሰዓት ተከራክሬያለሁ፤ አስደሳች ነው፣ ለግዢ ግን እምብዛም አይጠቅምም።

ሁለተኛው ሙከራ ኦያካታና የሒሳብ ሠራተኛዋ ባሉበት ተደረገ። ያው ጣውላ፣ ያው ልጅ፣ ያው መዶሻ። የተከለከለው መጎልጎል ብቻ ነው። ውዱ አልተሸረፈም። ሲጨርስ ኦያካታ ሱጊ ከሚባለው የጃፓን ዛፍ ለስላሳ እንጨት አምጥተው የቁራጩን ጫፍ፣ የእንጨቱ ክሮች ተቆርጠው የሚታዩበትን በኩል፣ በሁለቱም መሮ አስላጡት። ይህ ከጠንካራ እንጨት የባሰ ፈተና ነው። ለስላሳ እንጨት የደነዘዘ ስለት ሲነካው ይጨፈለቃል እንጂ አይቆረጥም። ውዱ ንጹሕ አድርጎ ቆረጠው። ርካሹ ከፊተኛው ሙከራ በጣም ተሻሽሏል፤ ሱጊው ላይ ግን ጨፈለቀ።

ታዲያ አምስት እጥፍ ይሻላል? በጭራሽ። ይሻላል፣ አምስት እጥፍ ግን አይደለም። ይህን ስናገር የሒሳብ ሠራተኛዋ ቀና ብላ አየችኝ። ከእኔ የጠበቀችው ክርክር እንጂ ይህን አልነበረም መሰለኝ። ኦያካታ ለተለማማጆቹ መካከለኛ ዋጋ ያለው መሮ ይገዛ፣ ከእሱም ጋር መሳያ ድንጋይ ይገዛ ብለው ወሰኑ። ደብዳቤው ቀረ።

ለግዢው ሚኪ የሄድነው ሁለታችን ነን፣ እኔና የሒሳብ ሠራተኛዋ። ከኮቤ በባቡር ቅርብ ነው። ከተማዋ ከ1578 እስከ 1580 በጦር አበጋዙ በቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ጦር ተከብባ ፈርሳ ነበር፤ መሣሪያ ሠሪዎቿ የበዙት እንደገና ስትገነባ ነው ይባላል። የሚኪ የእጅ ሥራ ስለቶች በ1996 በመንግሥት የባህላዊ ዕደ ጥበብ ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። ዛሬ ግን ከተማዋን የሚያኖራት መሮ ብቻ አይደለም። ጥርሱ በኤሌክትሪክ ሙቀት የጠነከረ፣ ሲደነዝዝ ምላጩ የሚቀየር መጋዝም እዚያ በብዛት ይሠራል። እንዲህ ያለ መጋዝ በሞረድ አይሳልም። የመሣሪያ ወዳጆች ይንቁታል። እኔ አልንቀውም፤ ወርክሾፓችን ውስጥ በየቀኑ ከእጅ የማይጠፋው እሱ ነው።

ሱቁ ውስጥ መሮዎቹን እያነሳሁ ጀርባቸውን ወደ ብርሃን አዘነብል ነበር። ጉድጓዱ መሃል ላይ ነው ወይስ ወደ አንድ ጎን ያደላል? ጠንካራው ብረት ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው? ሁለቱ ብረቶች የተጣበቁበት መስመር ላይ ክፍተት አለ? ስለቱና እጀታው አንድ መስመር ላይ ናቸው? ስለ ብረቱ ቀለም የጠየቅኩት መጨረሻ ላይ ነው፣ ለወግ ያህል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት። «ይቅርታ፣ እነዚህ ተስለው ነው የሚሸጡት?» አለች። ሻጩ ሳቁ። «ያንን ለእናንተ ትተነዋል።» እሷም ዞራ አየችኝ፤ እኔ ምን አደረግኩ?

ስንመለስ ኮቤ ያለውን የታኬናካ የአናጺ መሣሪያዎች ሙዚየም አሳየኋት። ሙዚየሙ ከ1984 ጀምሮ አለ። እዚያ በ1943 በተደረገ ጥናት ላይ የተመሠረተ የአናጺ ሙሉ የመሣሪያ ስብስብ ተደርድሯል፤ 179 ነው። ከእነሱ መካከል መሮ ብቻ 49 ነው። ቁጥሩን ደጋግማ አነበበችና «ይህን ለኦያካታ እንዳትነግራቸው» አለችኝ።

አሁን የግዢ ቅጹ ላይ የመሳያ ድንጋይ የራሱ መስመር አለው፤ የጨመረችው እሷ ናት። ተለማማጆቹም የመጀመሪያ ሳምንታቸውን እንጨት ሳይነኩ ድንጋይ ላይ ያሳልፋሉ። ማጉረምረማቸው አልቀረም።

ቀጣዩ ተራ የመላጊያ ነው። ኦያካታ ከሁለት አንጥረኛ ሁለት መላጊያ አስመጥተው «አወዳድሩ» ብለዋል። አካላቸው ከኦክ ስለሆነ የወርክሾፑን አየር እስኪለምዱ መደርደሪያ ላይ ይቆያሉ። እንጨቱ ሲያርፍ ነው ስለቱ በልኩ የሚገጥመውና የመላጊያው ሆድ የሚስተካከለው። የሒሳብ ሠራተኛዋ በየጊዜው እያለፈች «መቼ ነው የምትሞክሯቸው?» ትለኛለች። የሰኔና የሐምሌ ዝናብ ካለፈ በኋላ ነው እላታለሁ። እሷም ቀኑን ካሌንደሯ ላይ ጻፈችው፤ በዚያ ቀን ማንም እንጨት ልግዛ ብሎ እንዳይወጣ የሚል ማስታወሻም ከሥሩ አለበት።