የመመረቂያ ጥናት ስትሠሩ ከርዕሱ በፊት ደረሰኙን አስቡ

የመመረቂያ ጥናቴን የሠራሁት ባቲ ገበያ ላይ ነው። የፍየል ዋጋ እንዴት እንደሚቆረጥና ደላላው ከመሃል ምን እንደሚያተርፍ ነበር ጥያቄዬ። ሰኞ ሰኞ አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም ከብቱን ነድቶ የሚገናኘው እዚያ ስለሆነ ከባቲ የተሻለ ቦታ አልታየኝም። አሁንም አይታየኝም።

ፕሮፖዛሉም፣ አማካሪውም፣ የትብብር ደብዳቤውም እንደማንኛውም ተማሪ አለፉ።

ስለ ናሙና ብዛት፣ ማለትም ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት ግን አንድ ነገር ልበል። ሁሉም ሰው 384 ይላል። ቁጥሩ የሚመጣው የመተማመኛ ደረጃውን 95፣ የስህተት መጠኑን 5 በመቶ ስታደርጉ ነው። ስህተቱን ወደ 7 ብታሰፉት 196 ሰው ይበቃል፤ የኅትመቱም የአስተርጓሚውም ወጪ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። የኛ መመሪያ 5ን ነው የሚለው። እኔ ግን በገዛ ኪሱ ለሚሠራ ተማሪ 384 ሰው እያጣደፉ ከመሙላት 196ቱን ረጋ ብሎ መጠየቅ ይሻላል ባይ ነኝ። ምክንያቴን ጽፌ ሳቀርብ አማካሪዬም ተስማማ።

ያቃጠለኝ ገንዘቡ ነው።

«በጀትሽ ጸድቋል» ተባልኩ፣ ደስ አለኝ። ጸድቋል ማለት ለካ ከኪስሽ አውጪና በኋላ በደረሰኝ አወራርጂ ማለት ኖሯል። ማንም ቀድሞ አልነገረኝም። ከወንድሜ ተበድሬ ገባሁበት።

እስቲ ባቲ ገበያ ውስጥ ማን ነው ደረሰኝ የሚቆርጠው? የሚኒባሱ ረዳት? አፋርኛ ያስተረጎመልኝ ልጅ? ረዳቱን ለምኜው የሲጋራ ፓኮ ቀደደና ጀርባው ላይ «ከኮምቦልቻ ባቲ ሂሳብ ተከፍሏል» ብሎ ፈረመልኝ። የፋይናንስ ሠራተኛዋ ያቺን ቁራጭ በሁለት ጣቷ አንስታ አየቻትና «የኔ ልጅ፣ ቲን ቁጥር የሌለው ወረቀት እኔ ጋ ወረቀት አይደለም» አለችኝ። እሺ፣ ታዲያ ምን ላምጣ? ደረሰኝ ለሌለው ሰው የሚከፈልበት ቅጽ እንዳለ የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ስም፣ የቀበሌ መታወቂያ ቁጥር፣ የተከፈለው ብር፣ ፊርማ። ችግሩ ቅጹ መጽደቅ ያለበት ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ወደ ፋይናንስ ይልከኛል፣ ፋይናንስ ወደ ኃላፊው ይመልሰኛል፣ እንዲህ እያልን ሰኔ ገባ። የመንግሥት በጀት ዓመት ደግሞ ሰኔ 30 ያልቃል። «ሂሳብ እየዘጋን ነው» አሉኝ፤ አለቀ። ቅጹን ፕሮፖዛሉ የጸደቀ ዕለት እጄ ላይ ቢያስቀምጡት ምን ይጎድልባቸው ነበር? ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ጥናቱ ግን ያምራል፣ እኮራበታለሁ። አስተርጓሚዎቹ በሰዓቱ ተከፍለዋል፣ የወንድሜንም ብር ሥራ ይዤ መልሻለሁ።

ዘንድሮ ተመራቂ የሆናችሁ፣ ርዕስ ከማጽደቃችሁ በፊት ፋይናንስ ቢሮ ግቡ። ቅጹን ስጡኝ በሉ፣ ቅድሚያ ክፍያ ይቻል እንደሆነም ጠይቁ። አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ ለብቻው አንድ መስመር በጀት ያዙለት፤ «ልዩ ልዩ» ውስጥ ከተታችሁት ማንም አይከፍላችሁም። «ገና ነው፣ ጊዜ አላችሁ» ቢሏችሁ አትስሙ፤ ታኅሣሥ ሳይወጣ ቅጹ ላይ ማኅተሙን አስመቱ።