ከዝርዝሩ መካከል፦ «ማረፍ»

ሰሞኑን ነገር ሁሉ ያስቸኩለኛል። የሚያሯሩጥ የተለየ ጉዳይ ገጥሞኝ አይደለም፤ ብቻ ጀበናው እስኪፈላ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይከብደኛል፣ ሰው ሲያወራኝም ንግግሩን ሳይጨርስ ልቤ ወደሚቀጥለው ጉዳይ ይሄዳል። ይህ ስሜት ሲበረታብኝ የምሸሸው፣ ከአንዲት ባልንጀራዬ ጋር ጀምሬው እሷ ስትተወው እኔ ወደቀጠልኩበት ወደ ዝግታው ዮጋ ነው።

ላብ የሚያወጣው ዓይነት አይደለም። ሰውነት በትራስ፣ በተጣጠፈ ብርድ ልብስና በቀበቶ ተደግፎ፣ ጡንቻ የሚሠራው ሥራ እስከማይኖር ድረስ ተመቻችቶ፣ በአንድ አኳኋን ከ5 እስከ 20 ደቂቃ ይቆያል። የዚህን ስልት መሠረት የጣሉት ሕንዳዊው መምህር ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1918፣ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው ወረርሽኝ ዓለምን ባዳረሰበት ዓመት ሲሆን፣ ልጅነታቸውም በወባ፣ በሳንባ ነቀርሳና በታይፎይድ የተጎሳቆለ ነበር። የደከመ ገላ ምን እንደሚፈልግ የገባቸው ምናልባት ለዚህ ይሆናል፤ ሕመምተኞችና አቅም ያነሳቸው ሰዎች ሳይጨነቁ እንዲለማመዱ ብለው ወንበሩን፣ ገመዱንና ትራሱን አስገቡ። ተማሪያቸው ጁዲት ላሳተር ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ማረፍን ብቻ ዓላማው ያደረገ ራሱን የቻለ ልምምድ አድርጋ አስፋፋችው። እኔ በዚህ ሁሉ ዕቃ ፈንታ የምጠቀመው ጋቢ ነው። የምወደው እግርን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ዓይንን በነጠላ ጫፍ ሸፍኖ መንጋለሉን ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሥራ የሚወጣውን ትንፋሽ ከሚገባው ማስረዘም ብቻ ነው፤ ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት ዝግ ይላልና።

ገላ ሲረጋ ግን ዝርዝሩ ይመጣል። ያልተከፈለው የመብራት ሒሳብ፣ የዕቁቡ ተራ፣ ሳልደርስ የቀረሁት ለቅሶ፣ ፀሐይ ሳይጠፋ መሰጣት ያለበት በርበሬ፣ ቀኑን ሙሉ ድምፃቸው ያልተሰማው ሁሉ ልክ ዓይኔን ስሸፍን በሩን ያንኳኳሉ። ብሉማ ዛይጋርኒክ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1927 በርሊን ላይ ያሳተመችው ጥናት ስለዚሁ ነበር፤ ሰው ከጨረሰው ሥራ ይልቅ ተቋርጦ የቀረውን አብልጦ ያስታውሳል ትላለች። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሥራው ባይሠራም እንኳ መቼና እንዴት እንደሚሠራ ቁርጥ ያለ ዕቅድ ከወጣለት አእምሮ እንደሚለቀው አሳይቷል። እኔም ስለዚህ እሑድ ማታ ደብተሬን አውጥቼ የሳምንቱን ጉዳይ በየቀኑ እደለድላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ይጠቅማል። ችግሩ «ማረፍ» የሚለውም እዚያው ደብተር ውስጥ፣ ከ«በርበሬ ማስፈጨት» በታችና ከ«ጫማ ማሰፋት» በላይ መጻፉ ነው። ይባስ ብሎ፣ ከማረፉ ይልቅ አርፌ ስነሣ ቃሏን በእስክሪብቶ መሰረዙ ደስ ይለኛል።

አያቴ ይህን ደብተር ብታየው ምን ትል ነበር? የእሷ ወር ዕረፍቱ አስቀድሞ የተመደበ ነበር፦ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ፣ በዚያ ላይ ቅዳሜና እሑድ። በእነዚህ ቀናት አትፈጭም፣ አትፈትልም። ነገሩን ማሳመር አልፈልግም፤ በሬው ከቀንበር ሲፈታ የሴቲቱ ምድጃ አይጠፋም ነበር፣ እንግዳውም ጠላውም በእሷ ላይ ነው፤ ስለዚህ የበዓሉ ዕረፍት ለእሷ ቢበዛ ግማሽ ነበር። ቢሆንም ያቺ ግማሽ የማንንም ፈቃድ አትጠይቅም። «ዛሬ ሚካኤል ነው» ካለች አበቃ፤ ለምን ደከመሽ፣ ምን ሠርተሽ ነው የሚላት የለም። እኔ «ዛሬ አርፋለሁ» ብል ቢያንስ ጉንፋን ሊኖረኝ ይገባል።

ከዚህም በላይ የሚገርመኝ፣ ፊደል ያልቆጠረችው አያቴ ከእኔ ይልቅ የተደራጀች መሆኗ ነው። ነገ በዓል ነውና ዱቄቱ ዛሬ ይፈጫል፣ ውሃው ዛሬ ይቀዳል፣ እንጨቱ ዛሬ ይፈለጣል። ዕረፍቱ ከቦታው ስለማይነቃነቅ ሥራው ነበር በዙሪያው የሚሰበሰበው። እኔ የምሠራው ተቃራኒውን ነው፤ ሥራውን ሁሉ ደልድዬ ስጨርስ፣ ከቀኑ የተረፈች ቁራጭ ሰዓት ከተገኘች ለዕረፍት እሰጣታለሁ፤ እሷንም ቢሆን መንገድ ሲዘጋጋ ወይም አንድ ሰው «ለአምስት ደቂቃ ብቻ» ሲል አሳልፌ እሰጣለሁ።

ታዲያ በዚህ ሳምንት ደብተሩን ገልብጬ ጀመርኩ። በመጀመሪያ ረቡዕ ማታን ከልክዬ፣ ሌላውን ሁሉ በዙሪያው አስቀመጥኩ። ነገር ግን የአያቴን በዓል መንደሩ ሁሉ አብሯት ያከብረው ነበር፤ የእኔን ግን ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም፣ ስልኩም ይጠራል። ረቡዕ ማታ ደውላችሁ «ዛሬ ደግሞ ምንድን ነው?» ብትሉኝ የማንን ስም እንደምጠራ እስካሁን አላገኘሁም።