ሰባቱም ከአንድ ማደያ ነው የጠጡት

ካንዴላው፣ ሞተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጠው ዕቃ፣ ጥቁር ነበር። ደረቅ ጥቁር፣ ጣት ላይ እንደ ድስት ጥላሸት የሚቀር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አስቀድሜ ማየት የነበረብኝ እሱን ስለሆነ ነው። እኔ ግን ካንዴላ ከመፍታቴ በፊት አፌን ከፈትኩ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። ስድስት ጓደኛሞች፣ ሁሉም የድሬዳዋ ልጆች፣ ቁንዱዶ ተራራ ሥር ሁለት ሌሊት በድንኳን ሊያድሩ ተነሱ። ሞተሮቻቸው በጨረታ የወጡ ያማሃ ዲቲ 125 እና ሆንዳ ኤክስኤል ናቸው፤ አብዛኞቹን ከሞተር እስከ ፍሬን ሸራ እኔ ነኝ ያነሳኋቸው። ለመንገዱም መካኒክ ሆኜ እንድከተላቸው ተስማማን። በራሴ ኤክስኤል ረዳቴን ከኋላ ጭኜ፣ የመፍቻ ሣጥን፣ ሁለት ካላማዳሪያ፣ ካቴና፣ የፍሪሲዮን ፊሎና ትርፍ ካንዴላዎች ይዤ ሰባተኛ ሆንኩ።

ረዳቴ የመጋላ ሰፈር ልጅ ነው። ያኔ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ኦሮምኛውም ሶማልኛውም አማርኛውም አፉ ላይ እኩል ነው፤ እጁ ደግሞ ከእኔ እጅ ይፈጥናል። እንደ ማንኛውም የድሬ ልጅ አንቱታ አያውቅም። «አቦ፣ ያንን ፒንሳ አቀብለኝ» ይለኛል፣ እኔም አቀብለዋለሁ። ሌላ አገር ያደገ ሰው ቢሰማው ንቀት ይመስለው ይሆናል። እኛ ጋ ቅርበት ነው።

ቤንዚን በዚያ ሳምንት ጠፍቶ ነበር። ከመነሻችን በፊት በነበረው ሌሊት ሰባቱም ሞተር ሰርቪስ ጨርሰው ጋራዥ ውስጥ ቆመው ስለነበር ልጁ የሰፈሩን ጓደኞች ሰብስቦ ሁሉንም እየገፉ ወስደው ማደያ በር ላይ አሰለፏቸው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እስከ ንጋት ሰልፍ ላይ ቆሞ አድሯል። ጠዋት ስደርስ ሰባቱም ሙሉ ታንከር ሆነው፣ እሱ ደግሞ ዓይኑ ቀልቶ አገኘሁት። አላመሰገንኩትም፤ የሥራው አካል ነበርና አላሰብኩትም።

ከድሬዳዋ 1200 ሜትር አካባቢ ተነስተን ደንገጎን ስንወጣ 2000 ሜትር አልፈናል። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ሙቀቱ ከኋላ እየቀረ፣ ጆሮ እየተደፈነ የሚወጣ ጠመዝማዛ ነው። ደንገጎ ላይ የቡድኑ መሪ ዲቲ ማሳል ጀመረች። ጋዝ ሲሰጣት ታፍናለች፣ ከማርሚታዋም ጥቁር ጭስ ትተፋለች። ሌሎቹ ጉልበታቸው ትንሽ ቀነሰ እንጂ ይሄዳሉ። የዳገቱ ሙቀት ነው፣ ስትበርድ ይተዋታል ብዬ አለፍኩት። ይህ የመጀመሪያው ጥፋቴ ነው፤ ግን እሱ አይደለም የሚቆረቁረኝ።

ወደ ቀኝ የቁልቢን መንገድ ትተን በሐሮማያና በአወዳይ ሐረር ገባን፣ ምሳ በልተን ወደ ፉኛን ቢራ ቀጠልን። ማሽላው ታጭዶ አገዳው በየማሳው ተከምሯል። አቧራው ጉልበት ድረስ ነው። ከፉኛን ቢራ አልፈን የተራራውን እግር ስንጀምር የመሪው ዲቲ ጭራሽ ቆመች። ረገጠ፣ ረገጠ፣ እምቢ አለች። ሁላችንም ወረድን።

ሰውዬው ክፉ ሰው አይደለም። ከሁሉም በዕድሜ ይበልጣል፣ ገንዘቡን ያዋጣውም በአብዛኛው እሱ ነው፣ ጓደኞቹም ያከብሩታል። ግን ደክሞታል፣ በጓደኞቹም ፊት የእሱ ሞተር ብቻ ናት የቆመችው። የታንከሯን ክዳን ከፍቶ አሸተተና «ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበታል። ማን ነው የቀዳው?» አለ።

ስድስት ራስ ወደ ልጁ ዞረ።

ልጁ መልስ ከመስጠቱ በፊት እኔ ቀደምኩ። «ከየት ነው ያስቀዳኸው?» አልኩት። ከየት እንደሆነ አውቃለሁ። ማደያውን የነገርኩት እኔ ነኝ።

«አቦ፣ አንተ ታውቃለህ አይደል? ሰባቱም ከአንድ ማደያ ነው የጠጡት» አለኝ።

መልሱ እዚያው ነበር። ሙያዬ ካርቡራተር፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ፣ ሆኖ ሳለ ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ጆሮዬን መታው እንጂ አልገባኝም። ሰባት ሞተር ከአንድ ቦታ ጠጥቶ ስድስቱ የሚሄዱ ከሆነ ችግሩ ከቤንዚኑ ሊሆን አይችልም። የመጀመሪያ ወር ተለማማጅ ይህን ያውቃል። እኔ ግን በሰባት ሰው መሃል ቆሜ፣ ደንበኛዬ እያየኝ፣ እንዲህ አልኩ፦

«እሺ፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ አንተ ራስህ አጠገባቸው ነበርክ?»

የሰፈሩን ጓደኞች ማለቴ ነበር። እሱም ገብቶታል። ምንም አልመለሰም። እጁ ላይ የነበረውን ካቻቢቴ ሣጥኑ ውስጥ በቦታው አስቀመጠ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ጨርቁንም አጥፎ ሣጥኑ ላይ አኖረው። ጨርቅ ሲያጥፍ አይቼው አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ካንዴላውን የፈታሁት። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ሞተር ካንዴላው ብዙ ጊዜ እርጥብና ቅባታማ ይሆናል፣ ሞተሩም ዳገት ላይ ያንኳኳል። ይህ ደረቅ ጥላሸት ነበር፤ ቤንዚን በዝቶ አየር ያነሰው ሞተር ምልክት። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን ስፖንጅ አየሁት፤ አቧራ ቢይዝም ያን ያህል አልነበረም። ካርቡራተሩን አወረድኩ። ነዳጅ የምትመጥነዋን የናስ ቡሎን ፈትቼ የቀዳዳዋን ስፋት የሚያሳየውን ቁጥሯን ሳነብ በፋብሪካው ከምትገጠመው ትበልጣለች። እኔ የገጠምኳት አይደለችም።

«ይህቺን ማን ለወጣት?» አልኩት።

«ጉልበት ትጨምራለች ብለውኝ ሌላ ጋራዥ ነው ያስለወጥኳት፣ ከሁለት ሳምንት በፊት» አለኝ።

ያንን ጋራዥ አውቀዋለሁ፣ ስሙን አላነሳም። የሥራ ባልደረቦቼ ግን ይህን እንዲያስቡት እፈልጋለሁ። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ በየ1000 ሜትሩ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አሥረኛውን ገደማ ያጣል። ካርቡራተር ግን ይህን አያውቅም፣ ያንኑ ቤንዚን ያወርዳል። ስለዚህ ድሬ ላይ ልኩ የነበረው ሞተር ወደ 3000 ሜትር በሚጠጋው ቁንዱዶ አካባቢ ይታፈናል። ድሬ ላይ ራሱ ቤንዚን የበዛበት ደግሞ ደንገጎንም በደህና አይወጣም። ለቆላ መንገድ ተብሎ እንኳ ቀዳዳ ሲሰፋ ደንበኛውን «ሞተሩን የት ነው የምትነዳው?» ብሎ መጠየቅ ምን ይከብዳል? ለጉልበት የተከፈለው ብር ጉልበት ቀንሶ ተመለሰ።

ሣጥኔ ውስጥ አነስ ያለችው ነበረችኝ። እሷን ገጠምኩ፣ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን መርፌ ክሊፕም አንድ እርከን ወደ ላይ አድርጌ፣ ቤንዚኑ እንዲቀንስ መርፌዋን ዝቅ አደረግኳት፣ አዲስ ካንዴላ አሰርኩላት። በሁለተኛው እርግጫ ተነሳች። ጓደኞቹ አጨበጨቡ። መሪው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «በቃ፣ እንሂድ፣ ሳይመሽ» አለ። ልጁን አላየውም። እኔም አላየሁትም፤ ካርቡራተር እየገጠምኩ ስለነበር ብዬ ለራሴ ነገርኩት፣ ነገር ግን ካርቡራተሩ ከተገጠመ ቆይቷል።

ድንኳን የተከልነው ከአንድ መንደር በላይ ነው። የተራራው አናት ሜዳ ነው፣ እዚያ ግን በእግር ነው የሚወጣው፤ ሞተሮቹን እመንደሩ አቆምን። ለማደር የመንደሩን ሽማግሌ ማስፈቀድ ነበረብን። ከእኛ ውስጥ ኦሮምኛ አሳምሮ የሚናገረው ልጁ ስለሆነ እሱ ሄዶ አነጋገራቸው። ሽማግሌው ቤታቸው አስገቡን፣ ሆጃ የሚባለው ትኩስ መጠጥም ቀረበልን፤ ልጁንም አጠገባቸው አስቀምጠው የማን ልጅ እንደሆነ፣ አባቱ ምን እንደሚሠራ እየጠየቁ ብዙ አወሩት። በእጃቸው የእሱን ሲኒ ሁለት ጊዜ ሞሉለት። እኔ ደጃፉ አጠገብ ተቀምጬ ቋንቋውን በግማሽ እየሰማሁ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እኚህ ሰው ሳያውቁት ያመኑትን ልጅ እኔ በሦስት ዓመት አላመንኩትም።

ብርዱ ለድሬ ሰው ከባድ ነው። ሌሊት እሳቱ ዳር ብቻችንን የቀረንበት ጊዜ ነበር። መናገር ነበረብኝ። «አጥፍቻለሁ» ማለት አንድ ቃል ነው። እኔ ግን ስለ መርፌው ክሊፕ አስረዳሁት፤ አንድ እርከን ሲወጣ ምን እንደሚሆን፣ ሲወርድ ምን እንደሚሆን። እሱ ይህን ሁሉ ያውቃል፣ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ዝም ብሎ እየሰማኝ እንጨቱን ወደ እሳቱ ገፋ ገፋ አደረገ። ስጨርስ «እሺ ጋሼ» አለኝና ተነስቶ ድንኳኑ ገባ።

ጋሼ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

በማግሥቱ ጓደኛሞቹ አናቱን በእግር ወጥተው የዱር ፈረስ ሲፈልጉ ዋሉ፣ ደስ ብሏቸውም ተመለሱ። እኛ መንደሩ ውስጥ ሞተሮቹን ስንፈትሽ ዋልን። በሦስተኛው ቀን ደንገጎን ስንወርድ ማንም በፎሌ፣ ማርሽ ሳያስገባ፣ እንዳይወርድ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ እየያዘ እንዲወርድ አጥብቄ ነገርኳቸው፤ ያን ያህል ቁልቁለት በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ታች ሲደርስ ፍሬን አይኖረውም። ሁሉም ሰሙኝ። ያለ ምንም ጉዳት ድሬ ገባን። መሪው ከተስማማነው በላይ ከፈለኝ፤ ጭማሪውን ለልጁ ሰጠሁት። ተቀበለ፣ ቆጠረና «አመሰግናለሁ» አለ።

ልጁ ከዚያ በኋላ ሰባት ወር አብሮኝ ሠርቷል። ሥራው አልተበላሸም፣ እንዲያውም ተሻለ። አሁን የራሱን ቦታ ከፍቷል፣ ደንበኛ አለው፤ ያ መሪም ዲቲዋን ወደ እሱ እንደሚወስድ ሰምቻለሁ። በእነዚያ ሰባት ወራት ግን አንድም ቀን «አቦ» አላለኝም። «ይምጡ ጋሼ»፣ «ይዩት ጋሼ»፣ «ፒንሳውን ቢያቀብሉኝ»። ደንበኞች ጨዋ ልጅ አሳድገሃል ይሉኛል።

ለቡሎን ስልከውም፣ ለዘይት ስልከውም ደረሰኝ ይዞ ይመጣል። ደረሰኝ የማይሰጥ ሱቅ ከሆነ ባለሱቁን በወረቀት አስጽፎ ያስፈርመዋል። ለአንዲት የአሥር ብር ጎሚኒ እንኳ። ጠረጴዛዬ ላይ ያኖረዋል፣ መልሱንም ከላዩ ያስቀምጣል። አንድ ቀን «ይህን ተወው እንጂ፣ እኔ መች ጠየቅኩህ?» አልኩት።

«ያስቀምጡት ጋሼ» አለኝ። «ሰው ፊት ሲጠይቁኝ የማሳየው እንዲኖረኝ ነው።»