መጨረሻውን እያወቁ ማንበብ

ክረምት በገባ ቁጥር ወደ ኧርዝሲ መጻሕፍት፣ ጠንቋዮችና ዘንዶዎች ስላሉበት ምናባዊ የደሴቶች ዓለም ወደሚተርኩት ልብ ወለዶች፣ እመለሳለሁ። ደራሲዋ ኡርሱላ ለ ጉዊን የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በ1972 ሦስተኛው ሲወጣ ታሪኩ የተቋጨ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ1990፣ አራተኛውን ጻፉ፤ በ2001 ደግሞ አንድ የአጫጭር ታሪኮች መድበልና የመጨረሻውን ልብ ወለድ አከሉበት። (ገና ያላነበባቸው ሰው ከዚህ በታች ያለውን ቢያቆየው እመርጣለሁ።)

መጀመሪያ ሳነብ ዓይኔ ከወጣቱ ጠንቋይ ከጌድ ላይ አይነቀልም ነበር። በትዕቢት ተነሣሥቶ ከሙታን ዓለም የለቀቀው ጥላ ያሳድደዋል፤ እኔም ይያዝ ይሆን እያልኩ ገጹን እገልጥ ነበር። ጥላው የገዛ ራሱ ስም እንዳለው ካወቅሁ በኋላ ግን ያው ሽሽት ሌላ ታሪክ ሆነብኝ፤ ባሕሩን እያቋረጠ የሚሸሸው ከራሱ መሆኑን እያወቁ መከተል ከጉጉቱ ይልቅ ኀዘኔታው ያይላል።

ከሁሉ አብልጦ የሚያስደንቀኝ ስለ ድንጋዩ ካብ የተጻፈው ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ ጌድ በሞት አፋፍ ላይ ያለ የወዳጁን ሕፃን ልጅ ሊመልስ ነፍሱን ተከትሎ በጨለማው ቁልቁለት ይወርዳል፤ ሳይሳካለት ሲመለስም ዝቅተኛ የድንጋይ ካብ ዘንድ ይደርሳል፤ ጥላው ከሕያዋን ወገን፣ እሱ ከሙታን ወገን ሆነው ይተያያሉ። ድሮ ይህን ክፍል የሚያስፈራ ትዕይንት ብቻ አድርጌ አልፌዋለሁ። በመጨረሻው መጽሐፍ ያ ካብ ለምን እንደተሠራና እንዴት እንደሚፈርስ ካነበብኩ ወዲህ ግን እነዚያን ጥቂት መስመሮች በችኮላ ማለፍ አልችልም። ደራሲዋ በ1968 ያኖሩትን ድንጋይ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ቆይተው ተመልሰው ማንሣታቸው፣ ለእኔ የሥራቸው ሁሉ ታላቁ ነገር ነው።

የስሙም ጉዳይ አለ። በኧርዝሲ እውነተኛ ስም ይደበቃል፤ ያወቀው ሰው ባለስሙ ላይ ሥልጣን ያገኛልና። የክርስትና ስማቸውን ለማያውቁት ሰው በቀላሉ የማይነግሩ፣ መተት እንዳይደረግበት የልጃቸውን ስም የሚጠብቁ እናቶች ባሉበት አገር ላደገ አንባቢ ይህ ሕግ ማብራሪያ አያሻውም። ስለዚህም ጓደኛው ቬች፣ ጌድ ጥላውን ከለቀቀበት ጥፋት በኋላ ተዋርዶና በራሱ ላይ እምነት አጥቶ ሳለ፣ የራሱን እውነተኛ ስም ለጌድ የሚነግርበትን ገጽ ባነበብኩት ቁጥር ልቤ ይነካል። አንድ ሰው ለሌላው ከዚህ የሚበልጥ ምን ሊሰጥ ይችላል?

ዕድሜዬ በገፋ መጠን ደግሞ የምወደው ሰው ተለወጠ። በጎንት ደሴት ያለው የጌድ መምህር ኦጊዮን፣ ዝናቡን በአስማት ከማባረር ይልቅ ዛፍ ሥር ተጠልሎ የሚበሰብሰው ዝምተኛ ሽማግሌ፣ ለወጣቱ ጌድ እንደነበረው ሁሉ ለእኔም አሰልቺ ነበር። አሁን በጣም ቀስ ብዬ የማነበው እሱ ያለባቸውን ገጾች ነው። አራተኛው መጽሐፍ ኃይሉን ሁሉ ያጣውን ጌድን፣ ባሏ የሞተባትን ገበሬ ተናርንና በእሳት የተቃጠለችውን ሕፃን አንድ ቤት ያኖራል፤ ዘንዶና ጀብዱ የሚሻ ወጣት ምናልባት ይከፋበት ይሆናል፤ እኔ ግን ከስድስቱ አንዱን ብቻ አስቀር ብባል የማስቀረው እሱን ነው።